«አናውቃችሁም» ያሉን አማቾች

ኮሮና ስንቱን ባለሙያ አድርጎት ሄደ! ካምፓላ ተዘግታ በየቤታችን በተቀመጥንበት ጊዜ፣ ካባላጋላ ያለን ሐበሾች እያንዳንዳችን አንድ አንድ ሙያ ያዝን። አንዱ ዳቦ መጋገር ተማረ። አንዱ ጢሙን አሳደገና ፈላስፋ ሆነ። ጎረቤቴ ለጤናው ብሎ ግቢውን በሩጫ መዞር ጀመረ፤ የገዛ ውሻው ሌባ መስሎት እስኪነክሰው ድረስም ዞረ። እኔ ደግሞ የቋንቋ ሊቅ ሆንኩ።

ማን ሾመህ እንዳትሉኝ። የምሠራው ዕቃ በአውሮፕላን የሚልክ ቢሮ ውስጥ ነው፤ አውሮፕላኑ ሲቆም እኔም ቆምኩ። ሥራ የፈታ ሰው ያገኘውን ያነብባል። የተከራየሁት ቤት ቁም ሣጥን ውስጥ ከእኔ በፊት የነበረው ሰው ጥሎት የሄደ የሉጋንዳ ሰዋስው መጽሐፍ አገኘሁ። ድሮ አንድ እንግሊዛዊ ሚሲዮናዊ የጻፈው ነው፤ ዳር ዳሩን አይጥ ቀምሶታል። መጀመሪያ ያነሣሁት ቢንቢ ልመታበት ነበር። ከዚያ ገለጥ አደረግሁት፤ ቢንቢዋ ተረፈች፣ እኔ ጠፋሁ።

ምን ላድርግ፣ ደስ ይላል! ሙጋንዳ አንድ ሰው ነው፤ ባጋንዳ ብዙ ሰው፤ ሉጋንዳ ቋንቋው፤ ቡጋንዳ አገሩ፤ ኪጋንዳ ወጉ። እኛ ቤት፣ ቤቶች፣ ቤተኛ እያልን የቃሉን ጅራት ስንቀጥል፣ እነሱ ጅራቱን ትተው ጭንቅላቱን ይለውጣሉ። ይሄ ልዩነቱ ነው። ተመሳሳይነቱን ደግሞ ስሙ። እኛ «አልነገረችኝም» ስንል፣ ማን ለማን ምን እንዳላደረገ፣ አንድ ሙሉ የጎረቤት ጠብ በአንድ ቃል ጠቅልለን እናስቀምጣለን። እንግሊዙ ለዚህ ቃል ሲደረድር ይውላል። ሙጋንዳው ግን «ታምቡሊዴ» ብሎ እንደኛው በአንድ ትንፋሽ ይገላገላል። የእኛ «ኝ» ከኋላ ይንጠለጠላል፣ የእነሱ ከፊት ይገባል፤ ሥራው ግን አንድ ነው። ትልቅ ሰው ሲያናግሩም አንዱን ሰውዬ እንደ ብዙ ይቆጥሩታል። እኛስ «እሳቸው» እያልን አንዱን አዛውንት አብዝተን አይደል የምናከብረው?

አያችሁ፣ አሁንም ጀመረኝ።

ችግሩ መለማመጃ ሰው አለመኖሩ ነበር። ሰው ሁሉ ራቅ በል ተብሏል። ስለዚህ የማወራው ከመስታወት ጋር ነው፤ መስታወት ደግሞ አያርምም። መንገዱ ሲከፈት መጀመሪያ ያገኘሁትን ቦዳ የሚሉትን የሞተር ሳይክል ታክሲ አስቁሜ፣ በሉጋንዳ እንከን የማይወጣለት ረጅም ዐረፍተ ነገር ነገርኩት። ነጂው ሞተሩን አጥፍቶ በትዕግሥት ሰማኝና፣ «ሴቦ፣ ጌታዬ፣ ወዴት ነው የምትሄደው?» አለኝ በእንግሊዝኛ። ሉጋንዳ አለመቻሉን አይቼ አዘንኩለት።

ይህን ሁሉ እውቀት የማፈስሰው ዮናስ ቤት ነው። ዮናስ ካባላጋላ ውስጥ ትንሽ ምግብ ቤት ያለው ልጅ ነው፤ ዝምተኛ፣ ሲበዛ ትሑት። ሽሮዬን አቅርቦ፣ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጥሎ፣ ስለ ግስ ስደሰኩር ቆሞ የሚሰማኝ እሱ ብቻ ነበር። በኋላ እንደተረዳሁት ለካ እኔን የሚሰማ መስሎ ስለ ፕሮሲ ነበር የሚያስበው። ፕሮሲ ናኪቩቦ ገበያ ከአክስቷ ጋር ጨርቅ የምትሸጥ የባጋንዳ ልጅ ናት። ዮናስ የጠረጴዛ ልብስ ሊገዛ ገብቶ ልቡን እዚያው ጥሎ ወጣ። ከዚያ በኋላ ያ ሰው የገዛው ጨርቅ ካባላጋላን በሙሉ ያለብሳል።

በእነሱ ወግ ከጋብቻ በፊት ክዋንጁላ የሚባል አለ። የወንዱ ወገን ስጦታ ተሸክሞ ሴቷ ቤት ይሄዳል፤ በሁለቱም በኩል ቃል አቀባይ ቆሞ ይነጋገራል። ሙሽራው በእንግዶቹ መካከል ተሸሽጎ ይቀመጣል፤ የልጅቷ አክስት መጥታ እስክትለየው ድረስ ትንፍሽ አይልም። ከዚያ ቀን በፊት የአማቶቹን ደጅ አይረግጥም። የፕሮሲ አባት ደግሞ፣ «ዘመድ ለሌለው ሰው ልጄን አልሰጥም፤ ወገኖቹ መጥተው በአፋቸው ይጠይቁኝ» ብለው ልከዋል። ዮናስ ዘመድ የሚለው አንድ ሰው ነው፤ አባቱ ከሞቱ ጀምሮ ያሳደጉት አጎቱ ጋሽ መኮንን። እሱም በበኩሉ «ጋሼ ካልመረቁኝ አላገባም» ብሏል። እንግዲህ የልጆቹ ዕድል የተንጠለጠለው ሁለት ሽማግሌዎች አንድ ድንኳን ውስጥ ተገናኝተው በመስማማታቸው ላይ ነው። በመካከላቸው የሚቆመው ደግሞ እኔ።

ማን አቆመህ? ራሴ ነኛ።

«አንድ ሙጋንዳ ቃል አቀባይ ልቅጠር መሰለኝ» አለኝ ዮናስ አንድ ቀን።

«እኔ እያለሁ?» ሽሮው ሊያንቀኝ ምንም አልቀረው።

«አይ፣ ፕሮሲ እንደነገረችኝ፣ ነገሩ ጨዋታ ጨዋታም ስለሚል...»

«ዮናስ! ሰዋስው ያለው ነገር ሁሉ ይፈታል» ብዬ አቋረጥኩት። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚለውን ያኔ ማን ያስታውሰኝ። ዮናስም ይሉኝታ ያዘውና ዝም አለ። ይሉኝታ የሚባል ነገር ባይኖር ስንቱ ሐበሻ ይተርፍ ነበር።

ጋሽ መኮንን በረራው እንደተከፈተ ከአዲስ አበባ መጡ። በሰፈራቸው እሳቸው ያልዳሩት ሰው የለም ይባላል። ጋቢያቸውን ደርበው፣ ከዘራቸውን ተመርኩዘው ደጅ ሲቆሙ፣ ልጅ የሌለው ሰው ራሱ «ውሰዷት» ይላቸዋል። ለክዋንጁላ ወንዶች ካንዙ የሚባል ረጅም ነጭ ቀሚስ ለብሰው ኮት ይደርባሉ። ጋሽ መኮንን ካንዙውን አገላብጠው አዩና፣ «ይሄ ልብስ የሌሊት ነው የቀን?» አሉ። በመጨረሻ ለዮናስ ሲሉ ለበሱት፤ ጋቢያቸውን ግን ከላይ አልተዉም። የእኔ ካንዙ ረዝሞ መሬት ይጠርግ ነበር። በዚያ ላይ በወጉ መሠረት ለልጅቷ ወንድም አውራ ዶሮ ይሰጣል። ዶሮውን ማን ይያዝ ሲባል ሁሉም ጫማውን ማየት ጀመረ። ቃል አቀባዩ የሚሠራው በአፉ ነው፣ እጁ ነፃ ነው ተባለና ብብቴ ሥር ገባ።

በዚያ ሰሞን በኮሮና ሲጓተት የቆየው ክዋንጁላ ሁሉ አንድ ላይ ፈልቶ ነበር። የፕሮሲ ወላጆች ሰፈር ናቴቴ ስንደርስ በአንዱ መንገድ ብቻ ድንኳን ከድንኳን ተያይዟል። የታክሲው ሹፌር አንዱ በር ላይ አወረደንና ሮሌክስ፣ ያንን በቻፓቲ የሚጠቀለለውን እንቁላል፣ ሊበላ ሄደ።

ገና ስንገባ ቆነጃጅት መጥተው ፊታችን ተንበረከኩ። በእነሱ ወግ ሴት ልጅ ትልቅ ሰው ስትሳለም ዝቅ ትላለች። ጋሽ መኮንን ደነገጡ። «ኧረ በሞቴ! ተነሺ ልጄ፣ ተነሺ!» እያሉ አንዷን ሲያነሡ ሌላዋ ትንበረከካለች። እኛ ለክብር ወደ ላይ ነን፤ ትልቅ ሰው ሲገባ «ኖር!» ብለን ከወንበራችን ብድግ እንላለን፣ እሱም «በእግዜር!» ይለናል። እነሱ ለክብር ወደ ታች ናቸው። እኔም፣ እግዜር ይይልኝ፣ አንዲቱን እንኳ በማንሣት ፈንታ ቆሜ ይሄማ ከዐረፍተ ነገሩ አሠራር ጋር ይሄዳል፣ እኛ ግሱን መጨረሻ ላይ እናደርጋለን፣ እነሱ መካከል ላይ፣ እያልኩ አሰላስል ነበር።

ወንበር ሰጡን። ጋሽ መኮንን አልቀመጥም አሉ። ሽማግሌ የመጣበት ጉዳይ ካልተፈጸመለት አይቀመጥም፤ ይህ የታወቀ ነው። «ንገራቸው» አሉኝ። እኔም ዶሮዬን አስተካክዬ፣ በጠራ ሉጋንዳ፣ «እነዚህ ሰዎች መቀመጥ አይፈልጉም» አልኩ። ሰዋስዉ አንድ ስሕተት የለበትም። ድንኳኑ ግን ጸጥ አለ። እንግዳ ወንበር እምቢ ሲል የቤቱ ባለቤት ምን እንደሚሰማው ሚሲዮናዊው አልጻፈም።

ጋሽ መኮንን ጉሮሯቸውን ጠርገው ጀመሩ። «እኛ ከሩቅ አገር ተነሥተን፣ ደመናውን አቋርጠን፣ የእናንተን መልካም ስም ሰምተን፣ ይህን ልጃችንን፣ አባቱ ነፍሱን ይማረውና ደግ ሰው የነበረ፣ እኔ ከልጅነቱ ጀምሮ ያሳደግሁትን...» እያሉ ይሄዳሉ። እኔ ግሱን እጠብቃለሁ። በአማርኛ ሰው ምን ሊል እንደፈለገ የሚታወቀው ሲጨርስ ነው፤ ሉጋንዳ ደግሞ ግሱን ቶሎ ይፈልጋል። የናኪቩቦ ታክሲ ካልሞላ እንደማይነሣ እኔም ግሱ ካልመጣ አልነሣም። ሰው ሁሉ አፍ አፌን ያያል። ጋሽ መኮንን የዮናስ ክርስትና ዕለት የዘነበው ዝናብ ላይ ደርሰዋል። በመጨረሻ ጨነቀኝና፣ «እንደምን ዋላችሁ ይላሉ» አልኩ። ያን ሁሉ ተናግረው ይህችው ብቻ ስትወጣ ድንኳኑ በሳቅ ተናወጠ። ጋሽ መኮንን ንግግራቸው የተወደደ መስሏቸው ጎንበስ ብለው እጅ ነሡ።

አሁን የልጅቷ ወገን ቃል አቀባይ ተነሣ። ትከሻው ሰፊ፣ ድምፁ ማይክ የማያስፈልገው ሰው ነው፤ ከዓይኑ በታች ያለው ፊቱ ግን እንደ ሁላችንም በማስክ ተሸፍኗል። ሁለት እጁን ዘርግቶ፣ «ቴቱባማኚ!» አለ።

ልቤ በደስታ ዘለለ። በትርጉሙ አይደለም። ምን ያማረ ግስ ነው! «ቴ» አፍራሽ፣ «ቱ» እኛ፣ «ባ» እናንተን፣ «ማኚ» ማወቅ። አናውቃችሁም! ያው ዕቃ ነው፤ አደራደሩ ብቻ ይለያል። ይህን እያደነቅሁ ሰውየው ቀጠለ፤ እኔም አንድ ፊደል ሳላጎድል ለጋሽ መኮንን አስተላለፍኩ።

«አናውቃችሁም እያሉ ነው። መንገድ ጠፍቷችሁ ይሆናል። እዚህ ቤት ለትዳር የደረሰች ልጅ የለችም። ፍየል ልትገዙ ከሆነ የመጣችሁት ገበያው ወደ ታች ነው።»

«ፍየል?» አሉ ጋሽ መኮንን።

«አዎ፣ ፍየል።»

ሰው ይስቃል። ሳቁንም ተረጎምኩት፤ ቤት ተሳስተን ገብተን ነው የሚስቁብን አልኩ። አፋቸውን ባየው ምናልባት ይገባኝ ነበር፤ ዓይን ብቻ አይቶ ቀልድ መለየት ግን መጽሐፉ ውስጥ የለም። ወደ ዮናስ ዞርኩ። ዮናስ እንዳይናገር ተከልክሏልና በማስኩ ላይ ዓይኖቹን ያጉረጠርጥብኛል። እውነትም ተሳስተናል ማለቱ ነው ብዬ ይህንንም ተረጎምኩ። ከዚያም ወደ ባለቤቶቹ ዞሬ፣ በታላቅ ትሕትና፣ «ሙቱሶኚዌ» አልኩ፤ ይቅር በሉን። «ቤት ተሳስተን ነው፤ ደህና ዋሉ።» ቅርጫት የተሸከሙትን ወገኖቼን አስነሥቼ እየመራሁ ወጣሁ። ስንወጣ ከኋላችን አጨበጨቡልን። ጨዋ ሕዝብ ነው አልኩ በሆዴ።

በር ላይ ዮናስ ማስኩን ወደ ታች ሳብ አድርጎ፣ «ወንድሜ፣ ቤቱ ይሄ ይመስለኛል» አለ።

«ይመስለኛል ማስረጃ አይሆንም። ከዚህ በፊት መጥተህ ታውቃለህ?»

«በምን ልምጣ? ወጉ አይፈቅድማ!»

«ለፕሮሲ ደውል።»

«ስልኳን አክስቷ ወስዳባታለች፤ ዛሬ አትደውልም።»

ጋሽ መኮንን ከዘራቸውን መሬት ላይ መቱ። «ስማ ዮናስ። ቤት ተሳስተን ከሆነ ይሁን፣ ሰው ይሳሳታል። ቤቱ ይሄ ሆኖ፣ እኔን ከሩቅ አገር አስጠርተው አናውቅህም፣ ፍየልህን ግዛ ካሉኝ ግን ንቀውሃል ማለት ነው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ። ነገ በመጀመሪያው አውሮፕላን እመለሳለሁ፤ ይህንንም ጋብቻ አልመርቅም።» ዮናስ ፊቱ ካንዙውን መሰለ። እኔም ለእሱ ስል ቤቱ ያ እንዳይሆን አጥብቄ ጸለይኩ፤ ጸሎቴ ተሰምቶ ቢሆን ኖሮ ልጁ ሚስት አያገኝም ነበር።

ትንሽ ወረድ ብሎ ሌላ ድንኳን አለ። ባለቤቶቹ በር በሩን ያያሉ፤ እንግዳ እንደሚጠብቁ ያስታውቃል። «ይኸው! እየጠበቁን ነው!» ብዬ ሰልፉን ይዤ ገባሁ። እዚያም ቆነጃጅት ተንበረከኩ፤ ጋሽ መኮንን እንደገና ማንሣት ጀመሩ። እዚያም ወንበር ሰጡን፤ እዚያም አልተቀመጥንም። እዚያም አንድ ቃል አቀባይ ተነሥቶ፣ እጁን ዘርግቶ፣ «ቴቱባማኚ!» አለን።

እንባዬ መጣ። «ጋሽ መኮንን፣ እነዚህም አያውቁንም።»

«በምን ቃል?»

«በዚያው ቃል። ፊደል አልተለወጠም።»

«ሌላስ ምን አሉ?»

«መንገድ ጠፍቷችሁ ይሆናል፣ እዚህ ሴት ልጅ የለችም፣ ላም ልትገዙ ከሆነ ጎረቤት ጠይቁ ነው የሚሉት።»

«የቅድሞቹም ላም ነው ያሉት?»

«አይ፣ የቅድሞቹ ፍየል ነው።»

ጋሽ መኮንን ድንኳኑን ዞር ዞር ብለው አዩት። ሰው ይስቃል፤ የአንዲት አሮጊት ትከሻ ይንቀጠቀጣል። ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩና፣ «ልጄ፣ አገራችን ሽማግሌ ልጅ ሊጠይቅ ሲመጣ የሴት ወገን ምን ይላል?» አሉኝ።

«ልጃችን ገና ናት፣ አልደረሰችም ይላል።»

«ሠላሳ ዓመት የሞላትን ልጅ ገና ናት ብዬ ሽማግሌ የመለስኩ ሰው ነኝ እኔ! ዘመድ እንጠይቅ፣ ሌላ ቀን ተመለሱ እንላለን። የእውነታችንን ነው?»

«አይደለም።»

«ከሽማግሌዎቹስ ‹እሺ፣ ተሳስተን ነው፣ ደህና ዋሉ› ብሎ ቤቱ የገባ አለ?»

ጋሽ መኮንን መሳቅ ጀመሩ፤ እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። «አንተ ጅል! አንድ ነን እኮ! እኛ ልጅቷን ትንሽ ናት እንላለን፣ እነሱ የለችም ይላሉ። ያው ነው! ሰውየው ደጅ ሊያስጠናኝ ነበር፣ እኔ ጥዬው ወጣሁ! በል ተመለስ፣ ሩጥ!»

ሰዋስዉን ለቅሜ ጨርሼ፣ ሰዎቹ የሚያደርጉትን ነገር አንዲቱንም ሳላውቅ ኖሬያለሁ። ያ ሁሉ መጽሐፍ ለቢንቢ መምቻ ነበር የሚሻለው።

የማናውቃቸውን ሰዎች ይቅርታ ጠይቀን ሮጥን። እነሱም ቆመው አጨበጨቡልን፤ የእውነተኞቹ እንግዶቻቸው ነገር ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልሰማሁም። አንድ ሰልፍ ሙሉ ነጭ ቀሚስ የለበሰ ሰው ቅርጫት በራሱ ላይ ተሸክሞ ዳገት ሲሮጥ አስቡት። ቦዳዎች ቆመው መንገድ ለቀቁልን። በሩ ጋ ልንደርስ ስንል ካንዙዬን ረገጥኩና በአፍንጫዬ ወደቅሁ፤ ዶሮው ከብብቴ አመለጠ። አምልጦም ማንንም ሳይጠይቅ በቀጥታ የፕሮሲ አባት ድንኳን ውስጥ ገባ። ከሁላችን ቀድሞ ትክክለኛውን ቤት ያወቀው እሱ ነው።

ድንኳኑ ውስጥ አሁን የሚስቅ የለም። ቃል አቀባዩ ማስኩን አውልቆ ላቡን ይጠርጋል። መጀመሪያ ጨዋታ መስሏቸው ቆይተው፣ ስንዘገይ እውነትም መሄዳችን ገብቷቸው ነበር። ከቤቱ ውስጥ፣ ከመጋረጃው ኋላ፣ የሴት ልጅ ልቅሶ ይሰማል። ፕሮሲ ናት። የሰው ልጅ በክዋንጁላዋ ቀን ያስለቀስኩት እኔ ነኝ። ዮናስ እንዳይናገር የተከለከለ ልጅ፣ ጡጫውን ጨብጦ መጋረጃውን ያያል።

«ባናንጌ! ወገኖቼ!» አለ ቃል አቀባዩ፣ ድምፁ ሁሉ ቀንሶ። «የት ሄዳችሁብን?»

ጋሽ መኮንን ከዘራቸውን ተክለው ቆሙ። ለእኔ አዝነውልኝ መሰለኝ፣ ዐረፍተ ነገሩን አሳጥረው ግሱን ቶሎ ቶሎ ሰጡኝ።

«ልክ ብላችኋል፤ አታውቁንም። እኛም ቤቱን አናውቅም። ስለዚህ ወጣን፣ ጎረቤት ጠየቅን። ላም እንሽጥላችሁ አሉን። ላም አንፈልግም አልን። ዶሯችን ግን ያውቃችኋል። ይኸው ቀድሞን ገባ። የሚረከበውን የልጅቷን ወንድም ሽታ ለይቶ ነው የመጣው።»

እንደ ሰዋስው መምህር ሳይሆን እንደሳቸው እጄን እየወዘወዝኩ ተረጎምኩት። ድንኳኑ ፈነዳ። ሴቶቹ እልል አሉ፤ የፕሮሲ ወንድም ዶሮውን ከወንበር ሥር ጎትቶ አውጥቶ ወደ ላይ አነሣው። ቃል አቀባዩ መጥቶ በክርኑ ክርኔን ነካኝ፤ በዚያ ዘመን መጨባበጥ እንዲያ ነበር። «ስንት ክዋንጁላ ላይ ቆሜያለሁ» አለኝ፣ «ጥሎ የወጣብኝ ግን የለም። እንዴት ያለ ብልሃት ነው! ማን አስተማረህ?»

«መጽሐፍ» አልኩት።

አክስትየው መጥታ ሙሽራውን ለመለየት በተቀመጠው ሰው ፊት ማለፍ ጀመረች። እኔ ጋ ስትደርስ ቆም ብላ ከላይ እስከ ታች አየችኝና፣ «ይሄስ አይደለም፣ ይሄ ያወራል» ብላ አለፈች። ዮናስን እጁን ይዛ አስነሣችው። ፕሮሲ ዓይኗ እንደቀላ ወጣች፤ ስታየው እንደገና አለቀሰች፣ እሱም አብሯት።

ሁሉም ነገር አለቀ ስንል የፕሮሲ አባት በእጃቸው ምልክት ሰጡ፤ ዝም ተባለ። ቀጭን፣ ረጋ ያሉ አዛውንት ናቸው፤ እስካሁን አንድ ቃል አልተናገሩም ነበር። ሁላችን በየወንበራችን ነን፤ ጋሽ መኮንን ብቻ ገና ቆመዋል፣ ባዶ ወንበራቸው ከኋላቸው። አባትየው ወደ ወንበሩ አመለከቱ።

«እኚህ ሙዜ፣ እኚህ አዛውንት፣ ከቅድም ጀምሮ ወንበሬን እምቢ ብለዋል» አሉ። «ቤቴ መቀመጥ ለማይፈልግ ሰው ልጄን እንዴት ልስጥ?»

የሚስቅ ሰው ፈልጌ ድንኳኑን አየሁ። ማንም አልሳቀም። ይሄኛው ጨዋታ አይደለም። የእኔ «መቀመጥ አይፈልጉም» የሰው ልብ ውስጥ ገብታ እዚያው ስታቆስል ውላለች። ጋሽ መኮንን «ምን አሉ?» ብለው ጎንተል አደረጉኝ። ዮናስ የፕሮሲን እጅ እንደያዘ ደርቆ ያየኛል።

አልተረጎምኩላቸውም። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ማንም ያላለውን ነገር ተናገርኩ። ሉጋንዳዬ እንዴት እንደነበረ እግዜር ይወቀው፤ ቅድመ ቅጥያውና ድህረ ቅጥያው ተደበላልቆብኛል። «አባቴ» አልኩ፣ «እኔ ነኝ ያበላሸሁት። በአገራችን የልጅ አባት ደጅ የቆመ ሽማግሌ፣ እሺ ሳይባል አይቀመጥም። ወንበሩን ንቀው አይደለም። ልጅዎን አክብረው ነው። እግራቸውን ያማቸዋል፣ ቢሆንም ቆመዋል።»

አባትየው በወንበሩ ክንድ ላይ ተደግፈው፣ ቀስ ብለው፣ ተነሡ። ልጆቻቸው ሊደግፏቸው ሲመጡ በእጃቸው ከለከሉ። ጋሽ መኮንን ፊት ለፊት ሄደው ቆሙ። የዚያ አገር አዛውንት በገዛ ድንኳኑ ለእንግዳ ሲነሣ ያ ቤተሰብ አይቶ የሚያውቅ አይመስለኝም።

ጋሽ መኮንን ማንም ምንም ሳይነግራቸው ደነገጡ። «በእግዜር! ኧረ በእግዜር፣ ይቀመጡ!» አሉ በአማርኛ።

«ቱቱሌ» አሉ አባትየው በሉጋንዳ። እንቀመጥ ማለታቸው ነው። አፌን ከፍቼ ልተረጉም ስል፣ ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ እኩል፣ ጎን ለጎን ተቀመጡ። እልልታው ከናቴቴ ካባላጋላ የተሰማ ይመስለኛል።

ምግብ ቀረበ፤ በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ የበሰለ ዶሮ፣ ማቶኬ የሚባለው የሙዝ ገንፎ፣ ፖሾ የሚባለው የበቆሎ ገንፎ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ከዚያ ወንበር አልተነሡም። ጋሽ መኮንን በአማርኛ ያወራሉ፣ አባትየው «እምምም» ይላሉ። አባትየው በሉጋንዳ ያወራሉ፣ ጋሽ መኮንን «እህ! እህ!» ይላሉ። አንዱ ወደ ሰማይ ያሳያል፣ ሌላው ራሱን ይነቀንቃል፤ ከዚያ ሁለቱም ጉልበታቸውን መትተው ይስቃሉ። ምን እንደሚባባሉ ለማወቅ ልሞት ምንም አልቀረኝ። ደግሞስ ቃል አቀባይ አይደለሁ? ሳህኔን እንደያዝኩ ሄጄ በመካከላቸው ጎንበስ አልኩና፣ «ጋሽ መኮንን፣ ልተርጉምልዎት?» አልኳቸው።

ጋሽ መኮንን ዝንብ እንደሚያባርር ሰው እጃቸውን አወናጨፉብኝ። «ሂድ ልጄ፣ ሂድ ብላ። ተግባብተናል፣ አታበላሽብን።»

ሄጄ ማቶኬዬን በላሁ።